ደገኛው ኩስኮ ላይ

እኔ የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ አይደለም፤ የደረሰብኝ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን የተወለደ ሰው ብርድ አይፈራም፣ ዳገት አይፈራም፣ አየሩ ሳሳ ወፈረ ብሎ አይጨነቅም ብዬ ነበር የማምነው። ስለዚህ ሚስቴ ጽጌ "ፔሩ ሄደን ተራራ እንውጣ" ስትለኝ ያሳሰበችኝ እሷ ነበረች። ጽጌ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ከፍ ያለ ቦታ የሚወጣው አልጋው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ደግሞስ የምን ተራራ? እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ኮሎምበስ ከገባሁ ጀምሮ እንጀራዬን የምበላው ተቀምጬ ነው። በእግሬ የምሄደው ከፓርኪንግ እስከ በር ነው፤ እሱንም ቢሆን ቀረብ ያለ ቦታ እስኪለቀቅልኝ እየዞርኩ ጠብቄ ነው። እንደኔ እንደኔ ሰው አሜሪካ የሚመጣው በእግር መሄድ ሊያቆም ነው።

ጽጌ ግን ምክንያት ነበራት። የምትሠራው ነርሲንግ ሆም ነው። ኮሮና የገባ ሰሞን፣ ሌላው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዳቦ መጋገር ሲለማመድ፣ እሷ ሽማግሌዎቿን ስታገላብጥ ያዛት። ሆስፒታል ገብታ ኦክስጅን ላይ ተኛች። እኔና ልጃችን ሜሮን ውጪ መኪና ውስጥ ተቀምጠን መስኮቶቹን እናይ ነበር፤ የትኛው የሷ እንደሆነ እንኳ አናውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን ወጣች። መውጣቱን ወጣች፣ ትንፋሿ ግን አብሯት አልወጣም። ኮሎምበስ ዳር ፒከሪንግተን ያለው ቤታችን ባለ ፎቅ ነው፣ መኝታችን ከላይ ነው። ጽጌ ደረጃው መሀል ትቀመጥና ትተነፍሳለች፣ ጣቷን በኦክስጅን መለኪያዋ ቆንጥጣ ቁጥሩን ታያለች፣ ደግሞ ትነሳለች። አንድ ቀን እዚያው እንደተቀመጠች "ከዚህ ከተረፍኩ ተራራ እወጣለሁ። የእውነት ተራራ" አለች። እኔም "እሺ" አልኳት። የታመመ ሰው ብዙ ነገር ይሳላል፤ ሲድን ይረሳዋል።

ጽጌ አልረሳችም። ክትባቱ መጣ፣ ድንበሩ ተከፈተ፣ እሷም ቀስ በቀስ ደረጃውን ሳትቀመጥ መውጣት ጀመረች። ቢሆንም ጫፍ ስትደርስ ሁልጊዜ ቆም ብላ ራሷን ታዳምጣለች፤ ሌባ የገባባት ይመስል። ታዲያ በፈረንጆቹ 2022 ሰመሩ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተቀበለችኝ።

"ቡክ አድርጌዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ፔሩን። መጀመሪያ ኩስኮ የሚባል ከተማ ገብተን እየጎበኘን ሰውነታችን አየሩን ይለምዳል። ከዚያ ከግሩፕ ጋር በእግር ተራራውን እንሻገራለን። ግሩፑ አንዴ ከተነሳ ማንንም አይጠብቅም።"

"አንቺ፣ እዚህ ክሊንተንቪል ውስጥ ወንዝ ዳር የሚኬድበት መንገድ አለ አይደል? ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ሲደክምሽ ..."

"አቦ ተወኝ" አለች። የድሬ ሰው አቦ ተወኝ ካለ ክርክሩ አልቋል።

የተራራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰደችኝ። እናንተዬ፣ ፈረንጅ መራመድን እንዴት አድርጎ እንዳወሳሰበው እዚያ ሄዳችሁ ካላያችሁ አታምኑም። ከዘራ በጥንድ ይሸጣል፤ የኛ አገር ሽማግሌ አንዱን ይዞ ፍርድ ይሰጥበታል፣ እነዚህ ገና ጎረምሳ ሆነው ሁለት ይይዛሉ። ውሃ ጀርባ ላይ ይታዘልና በቀጭን ቱቦ ወደ አፍ ይመጣል፤ ጡጦ ማለት ነው፣ ግን ጡጦ ነው ቢሏችሁ ስለማትገዙት ሌላ ስም አለው። ካልሲው ራሱ ግራና ቀኝ አለው። ሻጩ እግሬን እያየ "ብዙ ትራመዳለህ?" ሲለኝ "ደብረ ብርሃን ነው የተወለድኩት" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ምን እንደገባው እንጃ።

ጽጌ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ የከፍታ መድኃኒት አስጻፈች፤ ለኔም አስጻፈችልኝ። ኪኒኑን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ስስቅበት ሜሮን ከስልኳ ቀና ሳትል "ዳድ፣ ጀስት ቴክ ኢት" አለችኝ።

"እኔ ደብረ ብርሃን ነው የተወለድኩት።"

"ሶ ዋት? ዩ ሊቭ ኢን ኦሃዮ።"

አሜሪካ የወለዳችሁት ልጅ እንዲህ ነው፤ ክብራችሁን በአንድ አረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። ኪኒኑን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ።

ኩስኮ የገባነው በድርብ ማስክ ታፍነን ነው፤ አገራቸው ገና በኮሮና ላይ ጥብቅ ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያ ሁሉ ቱሪስት ደረቱን ይዞ ቀስ እያለ ሲወርድ እኔ ሻንጣችንን ሁለቱንም አንጠልጥዬ ፊት ፊት ሄድኩ። ሆቴላችን ቀጥ ያለ የድንጋይ ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። መግቢያው ላይ የቅጠል ሻይ ሰጡን። ለከፍታ ፍቱን ነው፣ ኮካ ይባላል አሉን። ኮካ! ኮኬይን የሚሠራበት ቅጠል! የጭነት መኪና ሹፌር ሽንቱ እንደሚመረመር ያውቃሉ ብላችሁ ነው? ይህን ሻይ ጠጥቼ፣ ኮሎምበስ ተመልሼ ድራግ ቴስት ስወድቅ ለአለቃዬ ምን ልለው ነው፣ ተራራ ሊያስወጡኝ ነው ያጠጡኝ ልለው? ኩባያውን በእጄ መዳፍ ገፋሁት። ጽጌም አልጠጣችም፤ እሷ ኪኒኗን ወስዳለች።

መሪያችን ዊልበር የሚባል የአገሩ ሰው ነው። አጭር፣ ጉንጩ የቀላ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ሁላችንንም ሰብስቦ "ዛሬና ነገ ቀስ በሉ። ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። ውሃ ጠጡ። ቢራ ይቅርባችሁ" አለ። ከኋላ ሆኜ ለጽጌ በአማርኛ "ይሄ ሰውዬ ነፍስ አባት ነው እንዴ?" አልኳት። ጽጌ ግን እንደ ተማሪ ትሰማዋለች።

ጉብኝቱ ያው ጉብኝት ነው። ግድግዳ ውስጥ የተሰካ አንድ ድንጋይ አለ፤ ብዙ ማዕዘን አለው፤ ሰው ተሰልፎ አጠገቡ ፎቶ ይነሳል። ሁሉም ደርሶት እስኪነሳ ቆመን ጠበቅን። እኔ ላሊበላን አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ላሊበላ ባለበት አገር ተወልጄ ድንጋይ አይደንቀኝም። ቀጥሎ ባለ ቀይ ቀሚስ ሴቶች የአልፓካ፣ የዚያ አንገተ ረጅም በግ መሳይ እንስሳ፣ ግልገል አቅፈው መጡ፤ አብራችሁ ፎቶ ተነሱ ይላሉ። ቱሪስቱ ግልገሏን እየሳመ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እዚያው ማዶ ያለው ምግብ ቤት ደግሞ እናቷን ጠብሶ ያቀርባል፤ ይኸው ቱሪስት ተሻግሮ ይበላታል። ጽጌ በበኩሏ ኪኒኑ ሽንት ያሸናታል፤ እኔ ቤተ ክርስቲያኑን ስጎበኝ እሷ የቤተ ክርስቲያኑን ሽንት ቤት ትጎበኛለች። ጣቶቿንም ይነዝራታል። "አየሽ፣ የማያስፈልግ መድኃኒት እንዲህ ነው የሚያደርገው" እላታለሁ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።

ራት ላይ ሌላው ሾርባ አዘዘ። እኔ የአልፓካ ሥጋ ጥብስ በቢራ አዘዝኩ። ጥሩ ሥጋ ነው፤ ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ ነው ዊልበር አልፓካ ከግመል ወገን መሆኑን የነገረኝ። ጉንጬ ሙሉ እንደሆነ ቀረሁ። ግመል! እኔ፣ ያጽዋማቱን ቀን ከመኪናዬ ዘይት መቀየሪያ ቀን ቀድሜ የማውቀው ሰው! ልውጠው ኃጢአት፣ ልትፋው ነውር። ጽጌ ሳቋ መጥቶ ናፕኪን አፏ ላይ ያዘች።

"አቦ፣ እኛ ሰፈር ግመል በራችን ላይ ነበር የሚያልፈው። አይዞህ፣ ክፉ እንስሳ አይደለም።"

ዋጥኩት። ሌላ ቢራ አዝዤ ላዩ ላይ ደረብኩበት።

ጠዋት ስነሳ ራሴን ይወቅረኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግመሏ ናት ብዬ ደምድሜያለሁ። በዚያ ቀን ከከተማው በላይ ያለውን የድንጋይ ምሽግ ልናይ ነው የምንወጣው። ዊልበር "ይህች መለማመጃ ናት። እየጎበኘን እኔ ደግሞ እናንተን እጎበኛለሁ። ዛሬ ያልሆነለት ነገ ጠዋት ከኛ ጋር አይነሳም" አለ። ጽጌ የጫማዋን ክር ሁለት ጊዜ ፈታ አሰረች። ከንፈሯ ደርቋል። ፈርታለች፤ እኔን ሳይሆን ሳንባዋን። እጇን ይዤ አይዞሽ ልላት ይገባ ነበር። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ከግሩፑ አንዲት ሴትዮ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

"ከኮሎምበስ ኦሃዮ።"

"አይ፣ መጀመሪያ ከየት?"

"ከኢትዮጵያ።"

"ኦ! ሯጮቹ!"

ፊታችሁ ቢታየኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህ በናንተም ደርሷልና። ውጭ አገር ያለን ኢትዮጵያውያን ሁሉ፣ ታክሲ የሚነዳውም ዳቦ የሚጋግረውም፣ የሌላ ሰው ወርቅ ሜዳሊያ አንገታችን ላይ ተንጠልጥሎ ነው የምንኖረው። ጨዋ ሰው "እኔስ አልሮጥም" ይላል። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ትሕትና አደረጉት። "ይኸው ሯጭ አለን" እየተባባሉ ቦታ ለቀቁልኝ። አንዱ ጡጦውን ከአፉ ነቅሎ "ከፍ ያለ ቦታ ስለተወለዳችሁ ነው አይደል?" ሲለኝ፣ ደብረ ብርሃንን ተነተንኩለት። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማኝ። ፎርክሊፍት እንደሚያነሳው ጭነት ከፍ ከፍ አልኩ።

ደረጃው ሲጀምር ሮጥኩ።

ማንም አላዘዘኝም። ከኋላዬ አጨበጨቡ። ዊልበር "ሴኞር! ሴኞር!" ይላል፤ አድናቆት መሰለኝ። የደረጃውን ግማሽ ወጣሁ። ከዚያ አየሩ አለቀ። ቀስ እያለ አይደለም ያለቀው፤ ካርዱ እንዳለቀ ስልክ ድርግም ነው ያለው። አፌን ከፍቼ እስባለሁ፣ የሚመጣ ነገር የለም። ያ የናቅኩት ዓይነት የድንጋይ ግንብ ባይኖር ኖሮ ተንከባልዬ ከተማው መሀል ነበር የምገኘው፤ እሱን አቅፌ ቀረሁ። ከዚያ አልፓካዋ መጣች። ቢራውም ተከተላት። ስታጨበጭብ የነበረችው ሴትዮ በጨዋነት ዞራ ተራራ ማየት ጀመረች።

ዊልበር ደርሶ ጣቴን በመለኪያ ቆነጠጠው። ጽጌ ከሱ ጋር ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ክስል አለ። ያንን ቁጥር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። "ኦክስጅን፣ ኦክስጅን አምጡ" አለች በሦስት ቋንቋ። አምጥተው አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ፤ ራሴን ደረቷ ላይ አስደግፋ ይዛኝ ትንሽ ቆየን። ከዚያ ትንፋሼ መለስ ሲል፣ ልማድ ሆኖባት ነው መሰለኝ፣ መለኪያውን የራሷ ጣት ላይ አደረገችው። ዊልበር አይቶ አውራ ጣቱን አነሳላት። ያንን ሁሉ ደረጃ ተከትላኝ ሮጣ መውጣቷን ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ልብ ያልነው።

ሆቴል የመጣው ሐኪም ፍርዱን በአጭሩ ሰጠ። ተኝቼ ኦክስጅን ወስጄ ኪኒን ብውጥ ነገ እሻላለሁ፤ ተራራ ግን አይታሰብም። እኔም በልቤ ነገሩን ዘጋሁት። ባል ታመመ፣ ሚስት አስታመመች፣ ተራራው የትም አይሄድም። ዶሮ በድንች ጥብስ አስመጥቼ አልጋዬ ላይ ተደላድዬ ስበላ ጽጌ ሻንጣዋን ትሸክፋለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ነገ ጠዋት ይነሳሉ።"

"እነሱ ይነሳሉ፤ አንቺ?"

"ሐኪሙ ነገ ይሻልሃል ብሏል። እንግዳ ተቀባይዋ በየሰዓቱ ታይሃለች፤ ስልኳንም ይዤያለሁ።"

"ባልሽን ባዕድ አገር አልጋ ላይ ጥለሽ?"

ካልሲዎቿን ግራና ቀኛቸውን መለየቷን ቀጠለች። እንግዲህ የኛ ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይጠራል። እኔም ጋሼ ታዬና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ዘንድ በቪዲዮ ኮል አደረግኩ። ያጋቡን እነሱ ናቸው፤ ኢስትሙር አፓርትመንት ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ በማሞቂያው ተጣልተን፣ በመኪናው ተጣልተን፣ በክርስትና ስም ተጣልተን ያስታረቁን እነሱ ናቸው። ጋሼ ታዬ ነገሩ ሽምግልና መሆኑን ሲረዱ ለቪዲዮም ቢሆን ኮታቸውን ደርበው ተቀመጡ።

ድምፄን አድክሜ አስረዳሁ። ጋሼ ታዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጽጌ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ታሞ የተኛን ባል ጥሎ መሄድ እኛ ዘንድ ያልተለመደ ነው። ተራራው ለሌላ ዓመት ቢቆይልሽስ? ካንስል አድርጊውና ..."

"ጋሼ፣ እስቲ እኔንም ስማኝ" አለች ጽጌ። ድሬዎች አንቱታ አያውቁም፤ ጋሼ ታዬም ለምደዋታል። "እኔ ደረጃ ላይ ተቀምጬ የተሳልኩትን ታውቃለህ። ለሌላ ዓመት ትለኛለህ እንጂ፣ ለሌላ ዓመት ሳንባዬ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ዛሬ ይሠራል። ዛሬ ሲሠራ አይቼዋለሁ።"

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩ ላይ ተደፉ።

"እስቲ ስልኩን ወደሱ መልሺልኝ። አንተ፣ ያ ጉልበትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ዝቅ ብዬ አየሁ። የዶሮው ሳህን ነው። ከነአጥንቱ። ድንቹን ጨርሼዋለሁ።

"ትንሽ ... ልቅመስ ብዬ ..."

"ሁለቱንም ጭን በልቶታል" አሉ እትዬ አስካለ ወደ ባላቸው ዞረው። "ሁለቱንም ጭን የበላ ሰው አይሞትም። ሂጂ ልጄ። እመቤቴ ትከተልሽ።"

ጋሼ ታዬ ኮታቸውን አወለቁ። ሽምግልናው ተበተነ።

ጠዋት ጽጌ ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች። እኔ ብቻዬን ኩስኮን ጎበኘሁ፤ ማለትም አደባባዩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዤ እርግብ ስታዘብ ሰነበትኩ። ስልኬ አላረፈችም። ጋሼ ታዬ ምስጢር ጠባቂ ናቸው፤ እትዬ አስካለ ግን የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። ኮሎምበስ ያለ ሐበሻ ሁሉ "ዶሮው እንዴት ነበር?" እያለ ቴክስት ያደርግልኛል። እኔም አጸፋውን ለጽጌ አዘጋጀሁላት። ተራራው ላይ እንቅልፍ አጥታ፣ "ምን ነካኝ፣ እንዴት ጥዬው ሄድኩ?" እያለች ስትጨነቅ በዓይነ ሕሊናዬ ታየችኝ። ስትመለስ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እኔ ቶሎ አልመልስላትም። መጀመሪያ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። ከዚያ የምናገረውን አደባባዩ ላይ ለእርግቦቹ ደጋግሜ ተለማመድኩት፤ ወደ መጨረሻው ላይ ራሴን ሁሉ ያስለቅሰኝ ነበር።

የተመለሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ገባች። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል፣ አፍንጫዋ ተልጧል፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሷል። አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። እኔ ተዘጋጅቼ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ።

"እንዴት ነበር?" አልኳት፣ ቀዝቀዝ ብዬ።

"ጫፉ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ሰው ይጥላል። ሁሉም ፎቶ ያነሳል። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ዳቦ በላሁ። በልቼ ስጨርስ ነው ትዝ ያለኝ።"

"ምኑ?"

"ትንፋሼን አላዳመጥኩትም። ጠዋት ከተነሳን ጀምሮ፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ አንዴ እንኳ አላዳመጥኩትም። ሆስፒታሉ ትዝ አላለኝ፣ ሥራው ትዝ አላለኝ።" ሳቀች፤ ስትስቅ የተሰነጠቀ ከንፈሯ አመማትና በእጇ ያዘችው። "አንተም ትዝ አላልከኝ! ታመህ ተኝተህ፣ ቀኑን ሙሉ አንዴም አላሰብኩህም። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ደስ አይልም?"

በተንኮል አይደለም የምትነግረኝ። ከመንገድ ያመጣችልኝን ስጦታ እንደምትሰጠኝ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ያ ለእርግቦቹ የተለማመድኩት ንግግር ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል አልነበረውም።

"ደስ ይላል" አልኳት።

ከልቤ ነበር። ፊቴ ግን እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እግሯ ሥር ጎንበስ ብዬ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመርኩ።